ውድድሩ ሲያበቃ የሚጀምረው ሥራ

የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ካለፈ በኋላ የሕክምና ክፍሌ ጭር ይላል። ዓመቱን ሙሉ በሩን ሲያንኳኩ የከረሙ ተማሪ ስፖርተኞች በአንድ ጊዜ ድምፃቸው ይጠፋል። ደውዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው የተማከሩበት ይመስላል፤ «አሁን እኮ ምንም አያመኝም።» አልዋሹም። ሯጯን ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዟ ላይ ይይዛት የነበረው ነገር ለቋታል። አጥቂው ብሽሽቱን ረስቶታል። የመረብ ኳስ ተጫዋቿ ደረጃ ስትወርድ የመደገፊያውን ብረት መያዝ ትታለች። ወላጆችም «ተመስገን፣ ዳነልን» ይላሉ። በፊዚዮቴራፒ ሙያ በቆየሁ ቁጥር ግን ይህችን አጭር መልስ ይበልጥ እየተጠራጠርኳት መጥቻለሁ።

ሕመሙ የጠፋው ጫናው ስለጠፋ ነው። ከሳምንት እስከ ሳምንት ሲሮጥበትና ሲዘለልበት የከረመ ጅማት ሶፋ ላይ ዝም ቢል ምን ያስገርማል? የጠየቀው የለም። እንዲያውም ሥራ ፈትቶ በከረመ ቁጥር የነበረውንም አቅም እያጣ ይሄዳል። ከዚያ የአዲሱ ዘመን ዝግጅት ይጀመርና ያንኑ ጅማት፣ ከበፊቱ ይበልጥ ደክሞ ሳለ፣ የዓመቱን ከባድ ልምምድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጭኑበታል። ክፍሌ እንደገና የሚሞላው ያን ጊዜ ነው።

በውድድር መካከል የምንሠራው ሕክምና ምን እንደሆነ ሳልሸፋፍን ልናገር። አብዛኛው ማስታገስ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለበት ልጅ ማክሰኞ ይመጣል፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለው። በዚያች ጊዜ ውስጥ እብጠቱን መቀነስ፣ መገጣጠሚያውን ማፍታታት፣ በፕላስተር ደግፎ መላክ ይቻላል። ማጠንከር ግን አይቻልም። ጡንቻ እንዲጠነክር መጀመሪያ መድከም አለበት፤ የደከመ እግር ይዞ ደግሞ ማንም ቅዳሜ መሰለፍ አይፈልግም። ስለዚህ ደግፈን እንልካለን፣ ሰኞ ይመለሳል፣ እንደገና እንደግፋለን፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሥራውን ማጣጣሌ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ወክሎ የሚጫወትን ልጅ ለዚያች ቀን ማድረስ ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ አንድ ጊዜ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት እንደገና ወለም የማለት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ይህን ዕድል የሚቀንሰው የሚዛን መጠበቅና የጥንካሬ ልምምድ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። በውድድር ወቅት የሌለን ነገር ቢኖር ሳምንታት ናቸው።

አንዲት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ በእረፍቱ ወቅት ወደ እኔ የመጣችው እናቷ ስለጨቀጨቋት ብቻ ነበር። «ምንም አያመኝም» እያለች ነው የጫማዋን ማሰሪያ የፈታችው። ከግድግዳ ፊት ለፊት አቆምኳትና፣ ግድግዳውን በጣቶቿ ጫፍ ብቻ እየነካች፣ በአንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን እስከ ጫፍ እንድታነሳና ቀስ ብላ እንድታወርድ ነገርኳት። በደህናው እግሯ 25 ላይ እኔው አስቆምኳት፤ ለጤናማ ባት ብዙ ጊዜ እንደ መለኪያ የሚያዘው ቁጥር እሱ ነው። እግር ቀየረች። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ያምሩ ነበር። ከዚያ ተረከዟ የሚደርስበት ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ አለ። ሳታውቀው ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ፤ ክብደቷ ወደ ትንሿ የእግር ጣት ተንሸራተተ፤ ግድግዳውን የነኩት የጣት ጫፎች ሙሉ መዳፍ ሆኑ። 14 ላይ ቆመች። አላመማትም። ወደ ታች አይታ «እግሬ እምቢ አለኝ» አለች፤ ቅሬታዋ እንደከዳ ጓደኛ ቅሬታ ነበር።

በዚያ እግር ነው ዓመቱን ሙሉ የሮጠችው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነቷ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል በተረከዟ ጅማት ላይ ያልፋል፤ ባቷ መሸከም ያቃተውን ጅማቱ ይሸከመዋል። የጅማቱ ሕመም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም።

ለተረከዝ ጅማት የምንሰጠው ልምምድ ታሪኩ የሚገርም ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ በተረከዝ ጅማት ሕመም የተሠቃዩ 15 ሯጮች ቀዶ ሕክምና ከመግባት ይልቅ ከደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲያወርዱ ተደረገ። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ 3 ጊዜ 15፣ አጠፍ አድርጎ 3 ጊዜ 15፣ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ። ሲደመር በቀን 180 ነው፤ ሰንበት የለ፣ በዓል የለ፣ ለ12 ሳምንታት። ሲቀልላቸው ክብደት የያዘ ቦርሳ ጀርባቸው ላይ ይጨምራሉ። 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ በከባድ ክብደትና በዝግታ መሥራትም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ለተማሪዎች የማዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ በቀን 180 ጊዜ የሚሠራ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ገና አላየሁም። የቦርሳውን ሐሳብ ግን አልተውኩትም። ተማሪ መቼም ቦርሳና መጽሐፍ አያጣም።

ሁለቱም መንገዶች የሚጋሩት ነገር 12 ሳምንቱን ነው። ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲጠነክር ይታያል፤ የመጀመሪያው ለውጥ እንዲያውም በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ አእምሮ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ይማራል። ጅማት ግን የደም አቅርቦቱ አነስተኛ፣ ራሱን የሚያድስበት ፍጥነትም ዘገምተኛ ነው። የሚለካው በወራት ነው። እንግዲህ ከዓመቱ ውስጥ ማንም «ቅዳሜ ይደርሳል?» ብሎ የማይጠይቅባቸው ተከታታይ ወራት የትኞቹ ናቸው? ተማሪው ነፃ የሚሆንበት ጊዜና ጅማቱ የሚፈልገው ጊዜ ይህን ያህል ተገጣጥመው ሳለ እረፍቱን ለመተኛት ብቻ ማዋል ያንገበግበኛል።

ሯጯ በልምምዱ መካከል ሲያማት ደንግጣ ደወለችልኝ። ጅማት ሲሠራ ትንሽ ቢያም ጥፋት አይደለም። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በፈተሹት መንገድ፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ለራስ እየሰጡ፣ እስከ 5 ድረስ መቀጠል ይቻላል፤ ማግስቱን ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰና ከሳምንት ወደ ሳምንት ካልጨመረ። ዳኛው ማግስቱ ነው። ይህን ሕግ ወጣቶች ወዲያው ይወዱታል፤ ከ«ካመመህ አቁም» የተሻለ ነፃነት ይሰጣቸዋልና። ወላጆች ግን ለመቀበል ይቸገራሉ፤ አንዳንዶቹ እኔን በጥርጣሬ ያዩኛል።

ለኳስ ተጫዋቾች የማነሳው ምሳሌ ከዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 50 የእግር ኳስ ቡድኖች፣ በድምሩ 942 ተጫዋቾች፣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በውድድሩ መካከል ባለው እረፍት ለ10 ሳምንታት አንድ ልምምድ ብቻ እንዲጨምሩ ተደረገ። ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቶቹን አጥብቆ ይይዝለታል፤ እሱ ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ በተቻለው ዝግታ ወደ ፊት ይወድቃል። ያ ብቻ ነው። በቀጣዩ ጊዜ ልምምዱን ባልሠሩት ዘንድ 52 የጭን ኋላ ጡንቻ ጉዳት ሲመዘገብ በሠሩት ዘንድ 15 ሆነ።

ጥናቱ እረፍቱን የመረጠው አለምክንያት አይመስለኝም። ይህን ልምምድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያቃስታል። የጭኑ ኋላ ተይዞ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል። ይህ በውድድር ሳምንት ቢሆን አሰልጣኙ ልምምዱን ያስቆማል፤ አስቁመውም ያውቃሉ። በእረፍት ግን ማቃሰቱ ማንንም አይጎዳም፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም ሰውነቱ ይለምደውና ሕመሙ ይቀራል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ገና ትንሽ እንዳዘነበሉ ጡንቻቸው ይለቃቸውና በመዳፋቸው ያርፋሉ፣ አንዱ በሌላው ይሳለቃል። እየሰነበቱ ግን ወደ ወለሉ እስኪቃረቡ ድረስ መያዝ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ይቀርና ፉክክር ይጀመራል። ፉክክር ሲጀመር እኔ አርፌ ቆሜ አያለሁ።

ገና በማደግ ላይ ያሉት ልጆች ጉዳይ ለብቻው ነው። ሴቶች በ12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች በ14 ዓመት አካባቢ ከሁሉ ፈጣን በሆነ ፍጥነት ይረዝማሉ፤ ብዙ ወንዶች በዚያ ዓመት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምራሉ። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻና ጅማት እየተወጠሩ ይከተላሉ። የፊት ጭን ጡንቻዎች በጉልበት ሎሚ በኩል አልፈው የሚጣበቁት ከጉልበት በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ያ ጉብታ ገና ጠንካራ አጥንት አልሆነም፣ የዕድገት ልምልም አጥንት አለበት። ዝላይና ሩጫ ሲበዛ ያ ቦታ በተደጋጋሚ ይጎተትና ያብጣል፣ ሲነካም ያማል። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ሮበርት ኦስጉድና የስዊዘርላንዱ ካርል ሽላተር በየፊናቸው ገልጸውታል፤ ሕመሙ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ወላጆች ጉብታውን በጣታቸው እየዳበሱ እባጭ መስሏቸው ሲደነግጡ አይቻለሁ። በአብዛኛው ዕድገቱ ሲያበቃ ሕመሙም ያበቃል።

ለእነዚህ ልጆች በእረፍቱ የምሠራው ከሁሉ ቀላሉ ነገር ቁመታቸውን መለካት ነው። ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፤ ሲመለሱ ደግሜ አደርጋለሁ። ምልክቶቹ ከተራራቁ የዝላዩን ብዛት እቀንሳለሁ፣ ጥንካሬውንና ሚዛኑን እጨምራለሁ። ትናንት ኳስ በልኩ ያቀብል የነበረ ልጅ ድንገት እግሩ የሌላ ሰው የሆነበት ይመስላል፤ አሰልጣኙ «ሰነፈ» ይለዋል። አልሰነፈም፤ የረዘመ እግር ማዘዝ እየተማረ ነው። ይህን ለአሰልጣኙ በደብዳቤ ጽፌ የላክሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ እንደተነበበ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ነገር ላንሳ። እረፍት ብለን የምንጠራው ጊዜ እረፍት መሆኑ እየቀረ ነው። የትምህርት ቤቱ ውድድር ሲያልቅ የክለቡ ይጀምራል፤ የክለቡ ሲያልቅ ልዩ ማሠልጠኛ፤ ከዚያ ደግሞ መልማዮች የሚመጡበት ውድድር። ልጁ ካልሄደ ሌላው ይቀድመዋል ይባላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር አንድ ወጣት ስፖርተኛ ከሚያዘወትረው ስፖርት በዓመት በድምሩ ቢያንስ 3 ወር፣ አንድ አንድ ወር እየተከፈለም ቢሆን፣ እንዲያርፍ ይላል፤ ከሳምንቱም ቢያንስ አንድ ቀን። ሌላም ለማስታወስ የሚቀል መለኪያ አለ፤ በሳምንት ከዕድሜያቸው ቁጥር በላይ ሰዓት የተደራጀ ስፖርት የሚሠሩ ልጆች አንድን እንቅስቃሴ ከመደጋገም የሚመጣ ከባድ ጉዳት ይበዛባቸዋል። የ13 ዓመት ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠለጥን ወላጆቹን እጠይቅና ሲደምሩ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ደምረው አያውቁም።

ከዚያ ስፖርት ማረፍ ማለት ግን ከእንቅስቃሴ ሁሉ ማረፍ ማለት አይደለም፤ የተቃራኒው ጥፋትም አለና። ጥቂት ሳምንታት ጨርሶ የተቀመጠ ሯጭ የልቡና የሳንባው ብቃት በግልጽ ይወርዳል። ዋናተኛው ቢሮጥ፣ ሯጯ ብትዋኝ፣ ኳስ ተጫዋቹ ብስክሌት ቢነዳ እወዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዲያውም እኔ ጋ እንዳይመጡ እነግራቸዋለሁ፤ ይተኙ፣ ይጫወቱ፣ ኳሱን አያዩት። ዓመቱን ሙሉ በፉጨት ሲታዘዝ ለከረመ ልጅ ይህም ሕክምና ነው።

ለሕክምናው ሲመጡ ደግሞ የሚያመውን ቦታ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ጉልበቴን ካሉ ጉልበታቸውን እንዳሽላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ዳሌያቸውን ስፈትሽ፣ በአንድ እግር ቆመው ቁጢጥ እንዲሉ ሳደርግ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ በስልካቸው ቀርጬ ሳሳያቸው ይገረማሉ። የዳሌው የጎን ጡንቻ ሰንፎ ጉልበቱ ሲከሰስ መኖሩ፣ የአብዬን ወደ እምዬ ይሉት ነገር ነው። ማሸት እችላለሁ፤ ደስ ይላል፤ ለጥቂት ሰዓታትም ያቀላል። እረፍቱን በሙሉ በማሸት የሚያሳልፍ ፊዚዮቴራፒስት ግን ልጁን ለመጪው ዓመት ሕመምተኛ አድርጎ እያስቀመጠው ነው።

ከሁሉ ከባዱ የጉልበታቸው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ተማሪዎች ናቸው። ለእነሱ እረፍቱ ሩቅ የሚመስል የመመለሻ ቀን አለበት፤ የአዲሱ ዘመን መክፈቻ። ቀኑን ከእኔ በፊት እነሱ ያውቁታል፤ ስልካቸው ላይ መዝግበውታል። በኖርዌይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግን ቀኑን የሚመለከተው በሌላ ዓይን ነው፤ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ውድድር መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠን በ51 በመቶ ቀንሷል። የጭን ጡንቻ ጥንካሬም ወሳኝ ነው፤ የተጎዳው እግር ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ እንፈልጋለን። ጉልበት ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ በነርቭ ትእዛዝ ይታገድና ይከሳል፤ መልሶ ማምጣቱ አሰልቺ ነው። በሰባተኛው ወር ላይ ያለ፣ ምንም የማያመው፣ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ፣ ግን ጥንካሬው 78 በመቶ የሆነ የ17 ዓመት ልጅ ፊት ተቀምጦ «ገና ነህ» ማለት ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ክፍል ነው። አባትየው ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው ያያሉ። ልጁ አያየውም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ የምከራከረው በቁጥሩ ብቻ ነው፤ በርህራሄ መከራከር ከጀመርኩ እሸነፋለሁ።

ደግሞም ተማሪ ናቸው። ይህን አሰልጣኞችም እኛም እንረሳዋለን። በ112 ወጣት ስፖርተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በሌሊት ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። በትምህርት ወቅት የቤት ሥራና የምሽት ልምምድ በሚሻሙበት ሰዓት 8 ሰዓት እንቅልፍ ማዘዝ ቀልድ ይመስላል። በእረፍት ግን ይቻላል፤ ስልኩ ካልከለከለ። ሴት ሯጮችን በዚሁ አጋጣሚ ስለ ምግብና ስለ ወር አበባ እጠይቃለሁ። የወር አበባ መቋረጥ ብዙዎች እንደሚሉት የጥሩ ልምምድ ምልክት አይደለም፤ የሚበሉት ለሚያወጡት ጉልበት እንዳልበቃና አጥንታቸው ለስንጥቅ እየተጋለጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ ከእኔ አልፎ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጃለሁ። የሁለቱ እግሮች ቁጥር ጎን ለጎን፣ የተወሰደው ልምምድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መብለጥ የሌለበት የሩጫና የዝላይ መጠን፣ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም መቋረጥ የሌለባቸው ሁለት ወይም ሦስት ልምምዶች። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊው ነው፤ ዴንማርኮቹም ከ10ሩ ሳምንታት በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀጥለዋል። ሯጯ 25ቱን ሞልታ፣ ተረከዟም እስከ ጫፍ እየወጣ ሄዳለች። አሰልጣኟ ወረቀቱን አይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ተረከዝ ማንሳቱን ከሩጫው በፊት ታድርገው ወይስ በኋላ? በኋላ፣ አልኳቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከውድድር ዋዜማ በስተቀር። በወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት።